አጅሩ ከአላህ ነው፤ ኡጅራው ግን የአሠሪው ዕዳ ነው

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም።

ምስጋና ሁሉ ለአላህ የተገባ ነው። ሶላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ፣ በቤተሰቦቻቸውና በሰሃቦቻቸው ላይ ይሁን።



ወንድሞችና እህቶች! የጤና ባለሙያ ስለ ደመወዙ አፉን በከፈተ ቁጥር የሚሰጠው አንድ የተለመደ መልስ አለ፦ «ሙያው ክቡር ነው፤ ምንዳህን ከአላህ ጠብቅ።» ኃላፊው ይለዋል፣ ቀጣሪው ይለዋል፣ ታካሚው ይለዋል። በግንቦት 2017 ባለሙያዎቹ ሥራ ባቆሙ ጊዜ ደግሞ ከእኛው ወገን ዲን ጠቅሰው ይህንኑ የደገሙ ነበሩ። «ሰብር አድርጉ፣ ለአላህ ብላችሁ ሥሩ» አሏቸው።

ይህን በዝምታ ማለፍ አይገባንም። ንግግሩ ግማሹ እውነት ነው፤ የሚያሳስተውም ለዚህ ነው። በሽተኛን ያከመ ሰው ኒያው ካማረ ትልቅ ምንዳ አለው፤ ይህን የሚክድ ሙስሊም የለም። ነገር ግን ይህ እውነት የሠራተኛን ሐቅ ለመብላት ሽፋን ሲሆን ዲናችን የዙልም መሣሪያ ይደረጋል። ስለዚህ ነገሩን ከሥሩ እንየው።

አጅር ሌላ፣ ኡጅራ ሌላ

አጅር ባሪያው ከጌታው የሚጠብቀው ምንዳ ነው። ኡጅራ አሠሪ ለሠራተኛው የሚከፍለው ሐቅ ነው። ቃላቱ ከአንድ ሥር ቢወጡም አንዱ የሌላውን ዕዳ አይከፍልም። አጅር የሚሰጠው አላህ ብቻ ነው። ማንም ኃላፊ፣ ማንም የክሊኒክ ባለቤት የራሱን ዕዳ ወደ አላህ ኸዚና የማዛወር ሥልጣን የለውም።

«የርኅራኄ ሥራ ስለሆነ ክፍያ አይነሳበትም» የሚል ካለ ሱረቱ ጦላቅን ይመልከት። እናት የገዛ ልጇን ከማጥባቷ በላይ ምን ርኅራኄ አለ? እንዲያም ሆኖ የተፈታች እናት ልጁን ካጠባች አባትየው ክፍያዋን እንዲሰጣት አላህ አዟል። የእናት አንጀት እንኳ የክፍያዋን ሐቅ አላስቀረባትም። የአዋላጅ ነርስን እንዴት ያስቀራል?

ከሕክምና ጋር በቀጥታ የሚገናኝ ማስረጃ የሚፈልግ ደግሞ የአቡ ጦይባን ሐዲስ ያንብብ። አነስ ኢብኑ ማሊክ እንዳስተላለፉት አቡ ጦይባ ለረሱል (ሰ.ዐ.ወ.) ሒጃማ፣ በእኛ አጠራር ዋግምት፣ አደረገላቸው። እሳቸው ሁለት ነገር አደረጉ። መጀመሪያ ክፍያውን በምግብ እንዲሰጡት አዘዙ። ቀጥሎ ጌቶቹን አነጋግረው በየጊዜው የሚያስገባላቸውን ግብር እንዲያቃልሉለት አደረጉ። አስተውሉ! «እኔን ማከምህ ክብር ይበቃሃል» ማለት የሚችል ሰው ቢኖር የአላህ መልእክተኛ ነበሩ። ግን አላሉም። ከፈሉ፤ ከፍለውም አላበቁም፣ የባለሙያውን ጫና ቀነሱ። በሺህ የሚቆጠሩ የዘመናችን የጤና ባለሙያዎች የሚጠይቁትም እነዚህኑ ሁለት ነገሮች ነው፦ ክፍያና የጫና መቃለል።

ማስጠንቀቂያውም ከባድ ነው። ቡኻሪ በዘገቡት ሐዲሰል ቁድሲ አላህ በቂያማ ቀን ራሱ ባላጋራ የሚሆንባቸው ሦስት ሰዎች ተጠቅሰዋል። በአላህ ስም ቃል ገብቶ የከዳ፣ ነፃ ሰው ሽጦ ዋጋውን የበላ፣ ሠራተኛ ቀጥሮ ሥራውን በሙሉ ተቀብሎ ደመወዙን የከለከለ። የሠራተኛን ሐቅ የበላ ሰው ነፃ ሰው ከሸጠ ሰው ጎን ተቆጠረ። ከዚህ በኋላ «ደመወዝ ዓለማዊ ጉዳይ ነው» የሚል ሰው ምን ቀረው?

መሬት ላይ ያለው

አሁን ወደ ሀገራችን እንምጣ። ለረጅም ዓመታት ሐኪም የሚያስተምሩት የመንግሥት ተቋማት ሦስት ብቻ ነበሩ፦ አዲስ አበባ፣ ጎንደርና ጅማ። ከዚያ በኋላ የሕክምና ትምህርት በየዩኒቨርሲቲው ተከፈተ፤ የተማሪው ቁጥር በአንዴ አደገ። ይህ በራሱ መልካም ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት ለ1,000 ሰው 4.45 ሐኪሞች፣ ነርሶችና አዋላጆች ያስፈልጋሉ ብሎ መለኪያ አስቀምጧል፤ እኛ ከዚያ በእጅጉ በታች ነን።

ነገር ግን የማስተማሪያው በር ሲሰፋ የመቅጠሪያው በር አልሰፋም። ጤና ጣቢያው ሰው ይጎድለዋል፤ ወረዳው ግን «የሥራ መደብ የለም፣ በጀት አልተያዘም» ይላል። እንግዲህ ባለሙያ በጠፋበት ሀገር ተመርቆ ቤት የተቀመጠ ሐኪም፣ ነርስና አዋላጅ ተገኘ። ከእናንተ መካከል ይህን የምታነቡ ምሩቃን ጉዳዩን ከእኛ በላይ ታውቁታላችሁ። እናት በምጥ የምትሰቃይበት ቀበሌና ሥራ ያጣች አዋላጅ የምትኖርበት ከተማ በአንድ ዞን ውስጥ ናቸው። ሁለቱን ያላገናኛቸው በጀቱና ዕቅዱ ነው።

የተቀጠረውስ? ከመስከረም 2018 ጀምሮ ተግባራዊ በሆነው የመንግሥት ሠራተኞች የደመወዝ ማሻሻያ ለመጀመሪያ ዲግሪ መነሻው ከ6,940 ብር ወደ 11,500 ብር ከፍ ብሏል። ጭማሪውን አንክድም፤ ያደረገውን ሰው ማመስገን ሱና ነው። ይሁንና ሐምሌ 2016 ብር በገበያ እንዲወሰን ከመደረጉ በፊት 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በአንድ ዓመት ውስጥ ከ130 ብር አልፏል። በዚያ ምንዛሪ 11,500 ብር 90 ዶላር አይሞላም። የቤት ኪራዩን፣ የዘይቱን፣ የታክሲውን ዋጋ እናንተ ጨምሩበትና አስሉ።

ጥያቄው ትናንት አልተነሳም። በ2011 ዓ.ም. ባለሙያዎቹ አደባባይ ወጥተው ነበር፤ ከጠቅላይ ሚኒስትሩ ጋርም ተሰብስበው ተነጋግረዋል። ከስድስት ዓመት በኋላ፣ በ2017 ዓ.ም. ጥያቄዎቻቸውን በጽሑፍ ዘርዝረው ቀነ ገደብ ሰጡ። ቀነ ገደቡ ሲያልፍ ከግንቦት 11 ጀምሮ ብዙዎች ሥራ አቆሙ፤ በአሥሮች የሚቆጠሩትም ታሰሩ። በትግራይ በጦርነቱ ጊዜ ባለሙያዎች ከአንድ ዓመት በላይ ደመወዝ ሳይከፈላቸው፣ መድኃኒት በሌለበት ሆስፒታል፣ ራሳቸው እየተራቡ በሽተኛ ሲያክሙ ቆይተዋል። ሰብር የላቸውም የሚል ሰው ይህን ያስታውስ።

ዱቲ የሚባለው ነገርም አለ። ቀን ሙሉ የሠራ ሰው ሌሊቱንም ተረኛ ሆኖ ያድራል፤ ጠዋት ደግሞ በሽተኛ ይጠብቀዋል። የዚህ ሌሊት ክፍያ በብዙ ወረዳዎች ለወራት ይዘገያል። ባለሙያው ሲጠይቅ «በጀት ሲለቀቅ» ይባላል። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ.) የሠራተኛው ላብ ሳይደርቅ እንዲከፈለው ነው ያዘዙት። የስድስት ወር ዱቲ ሳይከፈል ላቡ ስንት ጊዜ ደረቀ?

ስምንቱና አሥሩ

ሱረቱል ቀሶስ ውስጥ የሙሳ (ዐ.ሰ.) የቅጥር ታሪክ አለ። ስለ ቅጥር የሚያስብ ሁሉ ሊያስተነትነው ይገባል። የመድየኑ ሽማግሌ ልጅ አባቷ ሙሳን እንዲቀጥር ስትመክረው ሁለት መስፈርት ጠቀሰች፦ ብርታትና ታማኝነት። ዘመድነት አልጠቀሰችም፤ ትውውቅ አልጠቀሰችም። ከዚያም አባትየው ውሉን አስቀመጠ። ሙሳ ልጁን ሊያገባ ስምንት ዓመት ይሠራል፤ አሥር ከሞላ ግን ሁለቱ ዓመት ከራሱ ፈቃድ የመጣ ነው። ሽማግሌው ሊያስቸግረው እንደማይፈልግም ነገረው።

ወንድሞችና እህቶች፣ ጉዳዩ ሁሉ እዚህ ውስጥ አለ። ስምንቱ ግዴታ ነው፤ ሁለቱ ኢህሳን ነው። ስምንቱ በውል ይጠየቃል፤ ሁለቱ በፈቃድ ይሰጣል። የእኛ የጤና ሥርዓት ያጠፋው ይህን ወሰን ነው። የውሉን ስምንት በቅጡ ሳይከፍል አሥሩን እንደ ግዴታ ይጠይቃል። አሥራ አንደኛውን እምቢ ያለውን ደግሞ «ጨካኝ» ይለዋል።

ኢብኑ ዐባስ እንደነገሩን ሙሳ የሞሉት ረጅሙን ጊዜ ነው። ማን አስገደዳቸው? ማንም። አሠሪው ወሰኑን አክብሮ፣ አላስቸግርህም ብሎ ስለተናገረ ሠራተኛው ከራሱ ጨምሮ ሰጠ። ሠራተኛን ማቆየት ማለት ይህ ነው። መልቀቂያ በመከልከል፣ የትምህርት ማስረጃ በመያዝ የሚቆይ ሰው አካሉ ይቆያል እንጂ ልቡ ሄዷል። አጋጣሚ ሲያገኝ ደግሞ አካሉም ይሄዳል፦ ወደ ግል ሆስፒታል፣ ወደ ሐርጌሳ፣ ወደ ገልፍ፣ ወደ አሜሪካ። አለያም ሙያውን ትቶ ንግድ ይገባል።

ክፍያው ምን ያህል ይሁን ለሚል ጥያቄም ሰለፎች መልስ ትተዋል። አቡበከር (ረ.ዐ.) ኸሊፋ በሆኑ ማግስት እንደ ልማዳቸው ጨርቅ ተሸክመው ወደ ገበያ ሲሄዱ ዑመርና አቡ ዑበይዳ አገኟቸው። «አንተ ነግደህ ቤተሰብህን ስትመግብ የሕዝቡን ጉዳይ ማን ይሠራል?» የሚል ነበር ጭንቀታቸው። ከበይተል ማል የሚበቃቸው ተቆረጠላቸው። ከሰዎች ሁሉ በላይ ኢኽላስ የነበራቸው ሰው እንኳ በኢኽላስ ብቻ ይኑሩ አልተባሉም። አቡ ዳውድ በዘገቡት ሐዲስ ደግሞ ለሕዝብ ሥራ የተሾመ ሰው ሚስት ከሌለው እንዲያገባ፣ አገልጋይ ከሌለው እንዲይዝ፣ ቤት ከሌለው ቤት እንዲያገኝ ተፈቅዶለታል። ትዳር፣ እገዛና መጠለያ። ዛሬ ሠላሳ ዓመት ያለፈው ነርስ በደባልነት ኪራይ ቤት እየኖረ ኒካሕ ማሰር ሲያቅተው፣ የጎደለው ቅንጦት እንዳይመስላችሁ።

ሲከፈል ምን እንደሚገኝ ደግሞ በዓይናችን አይተናል። በ1995 ዓ.ም. በተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ከየአካባቢያቸው የተመረጡ፣ አንድ ዓመት የሠለጠኑ፣ በመንግሥት ደመወዝ የተቀጠሩ ወጣት ሴቶች ለየቀበሌው ሁለት ሁለት ተመደቡ። ከ30,000 በላይ ሆኑ። በ1992 ከ1,000 ሕፃናት 166ቱ አምስት ዓመት ሳይሞላቸው ይሞቱ ነበር፤ በ2008 ቁጥሩ ወደ 67 ወርዷል። ምክንያቱ ብዙ ነው፤ የእነዚህ እህቶች እግር ግን ከምክንያቶቹ አንዱ ነው። በኋላ ከሥራቸው የተደራጀው የሴቶች ልማት ሠራዊት ግን ያለ ክፍያ እንዲሠራ ተደረገ። ገጠር ያለች ድሃ እናት ቤቷን ትታ በነፃ ቤት ለቤት ትዙር ተባለ። ለድሃ ሴት የጊዜዋን ዋጋ አለመክፈል ከድሃ ላይ ሰደቃ መቀበል ነው።

ሦስት ሹብሃዎች

አንደኛ፦ «ሀገሪቱ ድሃ ናት።» ድህነቱ እውነት ነው። ግን ድህነት የክፍያውን መጠን ሊያሳንስ ይችላል እንጂ የተሠራበትን ዱቲ ለመከልከል ምክንያት አይሆንም። ዕዳ የድሃም ዕዳ ነው። እ.ኤ.አ. በ2001 የአፍሪካ መሪዎች አቡጃ ላይ ተሰብስበው ከበጀታቸው 15 በመቶውን ለጤና ሊመድቡ ቃል ገብተዋል። ቃል የገባ ሰው ስለ ቃሉ ይጠየቃል። ደግሞም በሺዎች አስተምሮ መቅጠሪያ መደብ አለማዘጋጀት በድህነት አይመካኝም፤ ድሃ ነኝ የሚል ሰው እንዲህ አያባክንም።

ሁለተኛ፦ «ሐኪም ሥራ ካቆመ ሰው ይሞታል።» ይህ ከሁሉም የከበደ ነጥብ ነው፤ አናቃልለውም። አንዲትን ነፍስ ማዳን በአላህ ዘንድ ያለውን ክብደት እናውቃለን። የድንገተኛ ክፍል፣ የማዋለጃ ክፍልና የጽኑ ሕሙማን ክፍል በምንም ምክንያት ሊዘጉ አይገባም፤ በእጁ ያለን ነፍስ ጥሎ የሄደ ሰው ነገ ይጠየቅበታል። ግን ጥያቄው ወዲያም ይሄዳል። የነፍስ ክብር ሐኪሙን ብቻ ያስገድዳል ያለው ማነው? በጀቱን የያዘውንም ያስገድዳል። ለስድስት ዓመት በስብሰባና በደብዳቤ ሲጠየቅ ያልሰማ፣ ሥራ ሲቆም ግን «ነፍስ! ነፍስ!» የሚል ኃላፊ፣ ነፍሲቱ ትናንትም ነበረች። ባለሙያው ሲነጋገር ካልተሰማ፣ ሲያቆም ከታሰረ፣ ሲሰደድ «ከሃዲ» ከተባለ፣ የቀረለት በር የትኛው ነው? በሩን የዘጋ ሰው ከሐኪሙ በፊት ይጠየቅ።

ሦስተኛ፦ «ሐኪሞቹ ራሳቸው ስግብግብ ናቸው።» አሉ እንዲህ ያሉ። በሽተኛውን ከመንግሥት ሆስፒታል ወደ ራሱ የግል ክሊኒክ የሚመራ አለ፤ ወረፋ የሚሸጥ አለ፤ እጅ መንሻ የሚጠብቅ አለ። ይህ አማናን መብላት ነው። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ.) ዘካ ሰብሳቢው ኢብኑል ሉትቢያ «ይህ የእናንተ ነው፣ ይህ ደግሞ ለእኔ የተሰጠ ስጦታ ነው» ባለ ጊዜ ሚንበር ላይ ወጥተው ነው የገሠጹት። ዝቅተኛ ደመወዝ ሐራሙን ሐላል አያደርገውም። ግን የአንዱ ኺያና የሌላውን ሐቅ አያስቀርም። በቂ ከፍሎ ሌባውን መቅጣት ፍትሕ ነው። ሳይከፍሉ ሁሉንም ሌባ ማለት ግን ሐቅ ለመብላት የሚፈለግ ሰበብ ነው።

የራሳችን ጓዳ

ጣታችንን ወደ መንግሥት ብቻ ከቀሰርን አልተዋደልንም። በየከተማው የሙስሊም ባለሀብቶች ክሊኒክ፣ የላቦራቶሪና የፋርማሲ ባለቤቶች ናቸው። ሒጃብ ለብሳ መሥራት የምትችልበት ቦታ የፈለገች እህት ወደ እነሱ ትመጣለች። አንዳንዱ ታዲያ ይህን ፍላጎቷን ዐይቶ ደመወዟን ዝቅ ያደርጋል። «ኢስላማዊ ድባብ ሰጥተንሻል፣ ሶላትሽን ትሰግጃለሽ» ይላታል። አኺ፣ ሶላት የአላህ ሐቅ ነው፤ ከደመወዟ ላይ የምትቆርጥበት ጥቅማጥቅም አይደለም! ውል በጽሑፍ የሌለው፣ የወሊድ ፈቃድ የማይታወቅበት፣ ደመወዝ እስከ ቀጣዩ ወር አጋማሽ የሚጎተትበት ተቋም በሩ ላይ ቢስሚላህ ስለተጻፈ ኢስላማዊ አይሆንም።

የነፃ ሕክምና ዘመቻም እንዲሁ ነው። ባነሩን፣ ድንኳኑን፣ የድምፅ ማጉያውን የሚያቀርቡት ሁሉ ይከፈላቸዋል። ነርሷና ሐኪሙ ብቻ «ፊሰቢሊላህ» ናቸው። በፈቃዱ የመጣ ይምጣ፤ አላህ ይቀበለው። ሳይፈልግ በይሉኝታ የተጎተተውን ግን ሰደቃ ሰጠ አንበል።

እኛ በመስጂድ አገልግሎት ላይ ያለን ሰዎች ይህን ቋንቋ አሳምረን እናውቀዋለን። ቀኑን ሙሉ ሕፃናት የሚያስቀራ ኡስታዝ የቤት ኪራይ ሲጠይቅ «የቁርኣን አገልጋይ አጅሩ ከአላህ ነው» ይባላል። ለሚናራው ማርብል ግን ገንዘብ አይጠፋም። ስለዚህ ነርሷ ስትናገር ድምጿ ለእኛ እንግዳ አይደለም።

ምን እናድርግ?

ኢማም አል-ገዛሊ በኢሕያእ ውስጥ ሕክምና ፈርድ ኪፋያ መሆኑን አስረድተው፣ በብዙ ከተሞች ሙስሊም ሐኪም ጠፍቶ ሳለ ሰው ሁሉ ወደ ፊቅህ ክርክር መጉረፉን ነቅፈዋል። ፈርድ ኪፋያ ማለት የሚሠራው ሰው ጠፍቶ ሥራው ከተቋረጠ ኃጢአቱ ሁሉንም የሚያዳርስ ግዴታ ነው። ግዴታው የጋራ ከሆነ ወጪውም የጋራ ነው። የቀድሞ ሙስሊሞች ይህን ስለተረዱ በወቅፍ ሆስፒታል አቆሙ። በደማስቆ ኑሩዲን፣ በካይሮ ሱልጣን ቀላዉን ያቆሟቸው ቢማሪስታኖች ከወቅፉ ገቢ የሐኪሞችን ደመወዝ ይከፍሉ ነበር። ግድግዳ ብቻ አልገነቡም፤ የሚያክመውንም ሰው አኖሩ።

እኛም ከአቅማችን እንጀምር።

የገጠር ጤና ጣቢያ አዋላጅ ከሚያጣባቸው ምክንያቶች አንዱ ማደሪያ ማጣት ነው። የአንድ መስጂድ ጀመዓ ሁለት ክፍል ቤት ሠርቶ ለአዋላጇ ወቅፍ ማድረግ ይችላል። ሙስሊምም ሆነች አልሆነች፤ የምታዋልደው የሁላችንንም እናት ነው።

የክሊኒክ ባለቤቶች ከሠራተኛ ጋር በጽሑፍ ተዋዋሉ፤ የክፍያ ቀን ቁረጡ፤ ከቀኑ አታሳልፉ። ዘካችሁን ከማስላታችሁ በፊት ያልከፈላችሁትን ደመወዝ አስሉ።

ኹጥባ የምታደርጉ ወንድሞች፣ ለሐኪሙ ስለ ኢኽላስ በተናገራችሁ ቁጥር ለአሠሪው ስለ ኡጅራ ተናገሩ። አንዱን ብቻ መናገር ሚዛን ማጉደል ነው፤ ሚዛን ስለሚያጎድሉ ሰዎችም ሙሉ ሱራ ወርዷል።

እናንተ ወጣቶች፣ በየገጹ «ሐኪም ገዳይ» እያላችሁ የምትጽፉትን አቁሙ። ወረዳችሁ የዱቲ ክፍያ መክፈል አለመክፈሉን፣ ስንት የሥራ መደብ ባዶ እንደሆነ የምክር ቤት ተወካያችሁን በጨዋ ደንብ ጠይቁ። ጥያቄውን የነርሶች ብቻ አታድርጉት፤ ታካሚው እናንተ ናችሁ።

በሙያው ያላችሁ እህቶችና ወንድሞች ደግሞ ሐቃችሁን መጠየቅ ከኢኽላስ አያወጣችሁም። ጠይቁ፤ በአንድነት ጠይቁ፤ በሽተኛውን ግን መያዣ አታድርጉ። ስምንቱን ሙሉ። ሁለቱን የሚያውቀው አላህና ልባችሁ ነው፤ ማንም በግድ ሊወስድባችሁ ሐቅ የለውም።

አላህ ሆይ! የታመሙትን አሽር። በሌሊት ነቅተው የሚያክሙትን ጠብቃቸው፤ ሪዝቃቸውን አስፋላቸው። በእነሱ ጉዳይ ላይ የተሾሙትን ፍትሕ አላብሳቸው፤ የሰው ሐቅ በአንገታችን ላይ ሆኖ ካንተ ጋር ከመገናኘት ጠብቀን። አሚን።

ወላሁ አዕለም።